የሶሊያና ኬክና የጋሽ መንግሥቴ ጉርሻ

ልጄ ሶሊያና ኬጂ የገባች ቀን መምህሯ ሙሉ ስሟን ጠየቀቻት። ሶሊያና ቀጥ ብላ ቆማ «ሶሊያና እባላለሁ። እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ አልበላም» አለች። እኔ አባትየው በር ላይ ቆሜ ስሜ እስኪጠራ ብጠብቅ፣ የለም። የአባት ስም በሚገባበት እንቁላል ገብቷል፤ የአያት ስም በሚገባበት ወተት። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን እውነቷን ነው፤ የእኔን ስም ብትረሳ ምንም አትሆንም፣ እነዚያን ሦስቱን ብትረሳ ግን ጉድ ይፈላል።

እንዴት እንዳወቅነው ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል አንዲት ደግ ሰው ደረጃ ላይ አግኝታት አንድ ብስኩት ሰጠቻት። አንድ! ለውዝ ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ዓይኗ ተከደነ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ታቅፌያት ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ በአንድ እግሬ የራሴን ጫማ፣ በሌላው የባለቤቴን ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር። ይህንንም ያወቅሁት ሆስፒታል ደርሰን፣ ልጅቷ ደህና መተንፈስ ከጀመረች በኋላ፣ ጥበቃው እግሬን ትኩር ብሎ ሲያየኝ ነው። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ሦስቱን ነገሮች ነገረንና «ፍርፋሪም ቢሆን፣ የነካው ቢላም ቢሆን፣ የነካው እጅም ቢሆን» አለን። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷ ያለባት ትንሽ ቀይ ቦርሳ በሄድንበት ሁሉ ትሄዳለች።

መቼም በዚህ ከተማ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። «ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አለማምዷት» የሚል አለ። «የከተማ ልጅ በሽታ ነው» የሚል አለ። «እኛ አፈር በልተን አይደል ያደግነው?» የሚልም አለ። ይሁን፤ ልጄም አፈር ብትበላ እኛ ቅር አይለንም። አፈር እንቁላል የለውም።

ነገሬ ግን ስለ አምስተኛ ልደቷ ነው። እሱን ለማውራት ደግሞ አራተኛውን መንካት ግድ ይለኛል፤ ባልነካው ደስ ባለኝ። በአራተኛው ልደቷ ትልቅ ኬክ ገዛን፤ ባለ ክሬም፣ ስሟ የተጻፈበት። ሻማውን እፍ አለች፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ ኬኩ ለእንግዶች ተቆረሰ። ለእሷ ሙዝ ላጥንላት። ሙዟን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሰዉ ኬክ ሲበላ አየች። አላለቀሰችም። በማግስቱ ጫማዋን ሳስርላት ግን ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ትናንት ኬኩ የኔ ነበር?»

«አዎ፣ ያንቺ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ለምን እነሱ በሉት?»

ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት፤ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። በመጨረሻ «የሚመጣው ልደትሽ ላይ ኬኩን አንቺ ነሽ የምትበይው» አልኳት። ልጅ ቃል ሲገቡላት አትረሳም። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየወሩ ማለት ይቻላል፣ «ቃልህን አልረሳህም አይደል?» ትለኛለች፤ እኔም «ምን ሲደረግ!» እላለሁ።

ልደቷ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ ህይወት «እንዴት ልታደርገው አሰብክ?» አለችኝ።

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ ነው ያልኩት። «እኛ እኮ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ሲበላ ባደግንበት አገር ነው ያለነው። ፈረንጅ ትናንት ስም ያወጣለትን እኛ በየረቡዑና በየዓርቡ ስንኖረው ነው የከረምነው። የጾም ኬክ አዝዛለሁ፤ አለቀ፣ ደቀቀ።»

ህይወት ዝም አለች። ህይወት ዝም ስትል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ተስማምታለች፣ ወይ ራሴው ደርሼበት እንዳየው ፈርዳብኛለች። በትዳራችን የመጀመሪያው ደርሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዓርብ ከሥራ መልስ ቦሌ ወዳለ አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። መስታወቱ ውስጥ ኬኮቹ ተደርድረዋል። ከኋላ የቆመችውን ወጣት «የጾም ኬክ አለ?» አልኳት።

«ሞልቷል።»

«እንቁላል የለውም?»

«የጾም ነው እኮ ያልኩህ ወንድሜ!» ሃይማኖቷን የተጠራጠርኩባት ይመስል ፊቷ ተቀያየረ።

«ወተትስ?»

«የጾም!»

«ለውዝስ?»

ይኼኔ ፊቷ በራ። «ለውዝማ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከጎንም አለው! የኛ ለውዝ እኮ የታወቀ ነው።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል የፎከርኩበት የጾም ኬክ እንቁላሉን በር ላይ መልሶ ለውዙን በክብር አስገብቶታል። እሷ መደንገጤን አይታ «ካልፈለግከው ከላይ ለቅመን እናነሳልሃለን» አለችና በጣቷ አንዷን ፍሬ አንስታ አሳየችኝ። ያን ጊዜ ስለ ልጄ ነገርኳት፤ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ሁለት ዓይነት ጫማዬ ሳይቀር። ልጅቷ ፍሬዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ግራና ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ማሽኑም አንድ ነው፣ ቢላውም አንድ ነው፣ ጨርቁም አንድ ነው። ለልጅህ ከሆነ ከዚህ ቤት እንዳትወስድ።»

ሊገዛ የመጣን ሰው ከራሷ ሱቅ ያባረረች ሻጭ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስሟን ሳልጠይቃት በመውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤት ገብቼ «እኔው ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩ። ህይወት «አንተ?» አለች። በዚህች ቃል ውስጥ ያረረው ሩዝ፣ ጨው የበዛበት ፓስታ፣ ያለ ውሃ የተጣደው ማንቆርቆሪያ በሙሉ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሥራዬን መናገር አለብኝ። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት ልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሸሚዝ አገላብጬ አያለሁ፤ ስፌቱ ከዘመመ፣ ክር ከተረፈ፣ ቁልፉ ከላላ «ሪጀክት» እላለሁ፤ ያልኩትም ሸሚዝ ይመለሳል። የሰው ሥራ ሲፈትሽ የኖረ ሰው ራሱ መሥራት የሚችል ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ወረቀት አስምሬ «ሙከራ አንድ፣ ሙከራ ሁለት» እያልኩ ፎርም አዘጋጀሁ። ኬክ ከመጋገሬ በፊት ፎርም መጋገሬን ህይወት ለመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ሁሉ ተናግራለች።

ሙከራ አንድ። ስልኬ ላይ ያየኋት አንዲት ሴትዮ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል አረፋ ይሆናል ብላ ምላለች። አንድ ኪሎ ሽምብራ ቀቀልኩ። ውሃውን በሹካ መታሁ፤ ክንዴ እስኪዝል መታሁ። ኦቨን ስለሌለን ትልቅ ድስት ውስጥ አድርጌ ጋገርኩት። የወጣው ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ድምፅ ነበረው። ሽምብራውን ደግሞ አራት ቀን ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም አደረግነው።

ሶሊያና ትንሽ ቆርሳ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና፣ በዝግታ አኝካ፣ ውጣ፣ ውሃ ጠጣች። «ጥሩ ነው አባዬ» አለች። «ግን ለልደት አይሆንም።»

ስንት ዓመት ሸሚዝ ስፈትሽ እንዲህ ሰው ሳላስቀይም «ሪጀክት» ማለት ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የልብስ ሰፊዎቹን ፊት አስታወስኩና አፈርኩ።

ሙከራ ሁለት የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን ተሳሳትኩ፤ ሳሙና ሳሙና አለ። ቀመሰች፤ «ጥሩ ነው አባዬ፣ ግን ለልደት አይሆንም።» ከሙከራ ሦስት በፊት ደግሞ ከላይ የሚበተን ባለቀለም የከረሜላ ፍርፋሪ ልንገዛ ሱፐርማርኬት ሄድን። ማሸጊያው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጽሑፎች በመነጽሬም ያለ መነጽሬም አነበብኩ፤ በተቆጣጣሪ ዓይኔ አለፈ። ቅርጫት ውስጥ ልጨምረው ስል ሶሊያና ክንዴን ያዘች።

«አባዬ፣ ይሄ ሚልክ አለው።»

«የለውም፣ አንብቤዋለሁ።»

ትንሿ ጣቷ እጥፋቱ ሥር የተደበቀች አንዲት መስመር ላይ አረፈች። ገለጥኩት። አለው። ልጄ ገና ሀሁን አልጨረሰችም፤ ይቺን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ግን ከሩቅ ታውቃታለች፣ ሌላው ልጅ የከረሜላ ሱቅ እንደሚያውቀው። እዚያው መደርደሪያው ሥር ቁጢጥ ብዬ አቀፍኳት። የኮራሁባትን ያህል ልቤ ተነካ። በአምስት ዓመት ማንም ልጅ ይህን ማወቅ አልነበረበትም።

ሙከራ ሦስት አረረ። ጭሱ በደረጃው ወርዶ ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን እትዬ ለተብርሃንን ይዟቸው ወጣ። እትዬ ለተብርሃን መቀሌ ተወልደው ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ቀድመው የገቡ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። እኔን «ወደይ» ይሉኛል፤ በአገራቸው «ልጄ» ማለት ነው።

«ወደይ፣ ምን እያነደድክ ነው?»

«ኬክ ነው እትዬ።»

ድስቱን አዩ፣ ፎርሜን አዩ፣ እኔን አዩ። ከሦስታችን የቱ እንደከፋ ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው። ነገሩን ስነግራቸው ግን አልሳቁም። «እንቁላሉን ምን አድርገህ ተካኸው?» አሉ። ስለ ሽምብራው ውሃ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ሳቁ።

«ምን አደከመህ? በደንብ የበሰለ ሙዝ የለም? ሙዝ ያያይዘዋል፣ ዘይት ያለሰልሰዋል። ኦቨኑ ከኔ ቤት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ውረድ።» በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ለውዝ አልክ አይደል? ቤቴ ውስጥ አለ። ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

አወጡት። ለውዙን፣ የለውዝ ቅቤውን፣ ቆሎውን ለእህታቸው ላኩ። ኦቨኑን ፈትተው እያንዳንዱን ሽቦ አጠቡ። ለኬኩ አዲስ ጣሳ፣ አዲስ ማማሰያ፣ አዲስ ፎጣ ገዙ። ቅዳሜ ጠዋት ስወርድ ወጥ ቤታቸው በረኪና በረኪና ይሸታል፤ እሳቸው ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። «ለማኅበር እንኳን እንዲህ ታጥቤ አላውቅም» አሉ። እኔ በፋብሪካ ስንት ፈታሽ አይቻለሁ፤ እትዬ ለተብርሃንን የሚያህል ግን የለም። ከታጠብኩ በኋላ የእጄን ጥፍር ሳይቀር አዩ፤ ሁለት ጊዜ አስታጠቡኝ።

ሙዙን ስፈጭ ባለፈው ዓመት ጥግ ላይ ይዛው የተቀመጠችው ሙዝ ትዝ አለኝ። ለእትዬ ለተብርሃን አልነገርኳቸውም። ኬኩ ግን ወጣ። ተነፋ! ቡናማ፣ ለስላሳ፣ መሃሉ ትንሽ ሰንጠቅ ያለ ኬክ። ስንጥቁን በስኳር ሸፈንነው፤ ከላይ የእንጆሪ ማርማላታ ቀባነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሳምንቱን ሙሉ ለእንግዶቹ አንድ በአንድ ደውዬ «እባካችሁ ኬክ ይዛችሁ እንዳትመጡ» ብያለሁ። በእኛ አገር ግን ጋባዥ «ምንም እንዳትይዙ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? ጨዋ ነው ማለት ነው፤ ባዶ እጃችንን ብንመጣ ግን ያየናል ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንዲገባቸው ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቄ ለመንኳቸው። ባጠበቅኩ ቁጥር ይበልጥ ጨዋ መሰልኳቸው፤ አንድ ሊገዛ ያሰበ ሁለት ገዛ።

የእኛን ኬክ ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ ይዤ ስወጣ ደረጃው ላይ ከኋላዬ የካርቶን ሰልፍ ተከተለኝ። ባለ ክሬም፣ ባለ ቸኮሌት፣ ባለ ለውዝ፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ፎቅ። ህይወት በር ላይ ቆማ እየሳመች ትቀበላለች፤ በግራ እጇ ካርቶኑን ወስዳ ወዲያው መኝታ ቤት ታስገባለች። ሰባት ኬክ አልጋችን ላይ ተኛ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ህይወት ኪስ ገባ። ቀጥሎ እያንዳንዱን እንግዳ በማስታጠቢያ እጁን አስታጠበች። ምግብ ሊቀርብ ነው ብለው ደስ እያላቸው ታጠቡ።

ከእንግዶቹ ሁሉ ታላቁ ጋሽ መንግሥቴ ነበሩ፤ የህይወት አጎት፣ ሽማግሌ ሆነው ያጋቡን ሰው። ከሳሊተ ምሕረት ድረስ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተዋል። ጋሽ መንግሥቴ ሶሊያና እንቁላልና ወተት እንደማትበላ ሰምተዋል፤ ምክንያቱን ግን በራሳቸው መንገድ ተረድተውታል። ሲገቡ ጭንቅላቷን ስመው ለተሰበሰበው ሰው «ይቺን ታያላችሁ? በዚህ ዕድሜዋ ፍስክ የማትቀምስ! በዘመናችን መነኩሴ እንኳ እንዲህ አልጾመም» አሉ። ሰዉ «ይገርማል!» አለ። እኔ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ አንድ እንግዳ ስለ ሶፋው ጠየቀኝና ዘጋሁት።

ጊዜው ደረሰ። ሻማው በራ፣ ተዘመረ፣ እፍ አለች፣ ተጨበጨበ፣ ቢላውን ይዛ ቆረሰች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንዳቀድኩት ነበር። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኛ ቤት ባለልደት ራሱ አይበላም፣ ይጎርሳል። ትልቅ ሰው ይቀድማል፤ ቁራሽ አንስቶ ባለልደቷን ያጎርሳል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ቀጣዩ ይቀጥላል።

ጋሽ መንግሥቴ ከወንበራቸው ተነሱ። ኮታቸውን አስተካከሉ። ተቆርሶ በትንሽ ሳህን ለብቻው የተቀመጠውን ጠቀም ያለ ቁራሽ አነሱ። እጃቸውን ደግሞ አየሁት። ከታጠቡ በኋላ ያ እጅ የት ነበር? ኮት ኪሳቸው ውስጥ። ኪሳቸው ውስጥ ምን አለ? ከገቡ ጀምሮ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ የሚቆረጥሙት ቆሎ። ቆሎው ውስጥስ? ጣታቸው ላይ ቀይ የለውዝ ልጣጭ ተለጥፎ ይታየኛል።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ ብታሙኝም ይገባኛል። መጮህ ነበረብኝ። ሮጬ እጃቸውን መያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ያጋቡኝን ሽማግሌ፣ በሃያ ሰው ፊት፣ ጉርሻቸውን እንዴት አድርጌ በጨዋ ቋንቋ እንደምመልስ ቃል ስመርጥ ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ትንሽ አረፍ...» አልኩ። እጁ እየቀረበ ነው። ህይወት ከወጥ ቤት ቀዩን ቦርሳ ይዛ ስትወጣ አያታለሁ፤ በመካከላችን ወንበርና እንግዳ ሞልቷል። በዚያች ቅጽበት የልጄ ሕይወት በእኔ ይሉኝታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሶሊያና በግራ እጇ አፏን ሸፈነች። ሌላዋን መዳፏን ዘርግታ የጋሽ መንግሥቴን እጅ ሳትነካው አስቆመችው።

«አባባ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» ድምፅዋ ከመዳፏ ሥር ነው የሚወጣው።

«ታጥቤያለሁ የኔ ማር፣ ይኸው እናትሽ ናት ያስታጠበችኝ።»

«ከታጠቡ በኋላ ምን ነኩ?»

ጋሽ መንግሥቴ አሰቡ። «ቆሎ።»

«ለውዝ አለው?»

እጃቸውን ገልብጠው የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። «አለው» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔን ለውዝ ያመኛል። ጾም አይደለም አባባ፤ መተንፈስ አልችልም።» ቁጣ የለ፣ ለቅሶ የለ፤ ለመምህሯ ስሟን እንደነገረቻት ነው የነገረቻቸው። «ስለዚህ ዛሬ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ይቀመጡና አፍዎን ይክፈቱ።»

ጋሽ መንግሥቴ የያዙትን ቁራሽ ወደ ትንሹ ሳህን መለሱ፤ ሳህኑን ራሳቸው ገፋ አደረጉት። ተቀመጡ። አፋቸውን ከፈቱ። ሶሊያና በትንሿ ንጹሕ እጇ ከኬኩ አንስታ፣ ከንፈራቸውን ሳትነካ አጎረሰቻቸው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ነው የሚያጎርሰው፣ ትንሽ ነው የሚጎርሰው፤ ያን ቀን ግን ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው የልጅ እጅ ሲጠብቁ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተሰለፈ።

ጋሽ መንግሥቴ አኝከው ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። «ብትበላው ምን ትሆን ነበር?» አሉኝ።

«ልትሞት ትችላለች ጋሼ።»

ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ዓመት «ያማታል»፣ «አይስማማትም» እያልኩ ስሸፋፍነው ነው የኖርኩት፤ ለዚህም ነው «የከተማ በሽታ» ሲሉኝ የኖሩት። ጋሽ መንግሥቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኮታቸውን አወለቁ፤ ኪሱን ሳይነኩት ጠቅልለው ከበር ውጭ ደረጃው ላይ አስቀመጡት። ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ተመልሰው በሸሚዝ ብቻ በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ሁሉ ሰላምታ ከማግኘቱ በፊት «እጅ!» ይባል ነበር። አንዱን ወጣት «ኪስህንም» ሲሉት ሰማሁ። ሰኞ ፋብሪካው ቢቀጥራቸው ብዬ ተመኘሁ።

እኔን የጨነቀኝ ግን ኬኩ ነው። ሶሊያና እጇ ሰፊ ነው፤ የምታጎርሰው እንደ ትልቅ ሰው ነው። እትዬ ለተብርሃንን ሁለቴ አጎረሰቻቸው። ልጆቹን አጎረሰች፣ እናቷን አጎረሰች፣ እኔንም አጎረሰችኝ። ኬኩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ የገባሁላት ቃል ዓይኔ እያየ በሰው አፍ ውስጥ እየገባ ነው። ዘንድሮም እነሱ ሊበሉት ነው! «ሶሊዬ፣ ያንቺስ?» አልኳት። «ቆይ» አለችኝ።

የመጨረሻው እንግዳ ሲጎርስ ሳህኑ ላይ ማንም ያልነካት አንዲት ቁራሽ ቀረች፤ ያቺ መሃሏ ሰንጠቅ ያለችው። ሶሊያና ሄዳ እጇን እንደገና በሳሙና ታጠበች፤ የስንቱን አፍ ነክታለቻ። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ወጣች። ባለፈው ዓመት ሙዝ ይዛ የተቀመጠችበት ጥግ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ራስ ላይ ነበር። ቁራሿን በሁለት እጇ አነሳች።

ሃያ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ህይወት ክንዴን ጨበጠች። እትዬ ለተብርሃን ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ ጋሽ መንግሥቴ በሩን ትተው ቀረብ ብለዋል። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፤ በዝግታ አኘከች፤ ዋጠች። ጣቷ ላይ የቀረውን ማርማላታ ላሰች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ እኔን ፈልጋ አገኘችኝ።

«አባዬ» አለች፣ «ይሄ ለልደት ይሆናል።»